ለጋውን አትንካ

ዐብዱልከሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥቅምት ሲጋመስ፣ ረመዳን ከገጠመም ከዒዱ በኋላ፣ ሱቃቸውን ለልጃቸው ጥለው ለአራት ቀን ይጠፉ ነበር። የአዲስ ዓለም ሰፈር ሰው ደግሞ አራት ቀን ጠፍቶ ስለተመለሰ ሰው ዝም የሚል አንደበት አልተሰጠውም። "ወደ ሻይ ተክል ነው የምሄደው" ይላሉ እሳቸው። ሰፈሩ ይሳሳቃል። ጎንደር ውስጥ ሻይ ሲፈላ እንጂ ሲበቅል ያየ ማን አለ? ሻይ የሚበቅለው ከፋ አገር ነው፤ እሱንም ዐብዱልከሪም በወጣትነታቸው ሄደው አይተውታል። መንገዱን የጀመሩት ሚስታቸው በሞተች ማግስት ስለሆነ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ወደ ዛሪማ መውረጃ አንዲት ሴት አለች፤ ምናልባትም ልጅ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለ ሰፈሩ ጠርጥሮ ያድር ነበር።

ልጃቸው ረውዳም ጠርጥራለች። ሰፈሩ የጠረጠረው ለወሬ ነው፤ እሷ ግን ተስፋ አድርጋ ነው። ለእናቷም ለአባቷም አንድ ናት። አንድ ጊዜ ተድራ በሁለተኛው ዓመት ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ፣ ቀን አራዳ ሱቁ ውስጥ ሻይ ስትመዝንና ቅርንፉድ ስትወቅጥ ትውላለች፤ ማታ አባቷ በሳሎኑ ወዲያ ወዲህ ሲሉ እየሰማች ታድራለች። አባትና ልጅ ብዙ አይነጋገሩም። ተጣልተው አይደለም፤ እናቲቱ ስትሞት የቤቱን ወሬ ይዛው ስለሄደች ነው። "ወንድም ወይም እህት ቢኖረኝ" ትል ነበር ለራሷ፣ "ከየትም ይምጣ፣ ከማንም ይወለድ።"

በ1999 ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ሃያ አራት፣ ዐብዱልከሪም በጾም ላይ ሞቱ። ለቀስተኛው ሦስት ቀን ተቀመጠና ተበተነ። ረውዳ አርባ ቀን ያህል ቆይታ የኋላውን መጋዘን ስትከፍት አሥራ አራት ጆንያ ግድግዳ ተደግፎ አገኘች። በእያንዳንዱ ላይ በአባቷ እጅ አንድ ዓመትና አንድ ስም ተጽፏል፤ 85፣ አድማሴ። 86፣ አድማሴ። እንዲህ እያለ እስከ 98 ይደርሳል። አንዱን ፈትታ እጇን ሰደደች። ሻይ ነው። ማለት፣ የሻይ ዛፍ ቅጠል ነው፤ ግን ያረጀ፣ የጠነከረ፣ ጭስ የጠጣ፣ እንደ ጌሾ የደረቀ ቅጠል። አፍልታ ቀመሰችው። አገር ሙሉ ሻይ እርም እንዲል ከተፈለገ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አይገኝም።

ስለዚህ ልትሄድ ተነሣች። አድማሴ የተባለው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ሁለት ነገር ልትነግረው ይገባል፤ አባቷ መሞታቸውን፣ ቅጠሉም ለምንም እንደማይሆንና ከእንግዲህ የሚወስደው እንደሌለ። ሦስተኛውን ጉዳይ፣ ያን የተደበቀ ወንድም ወይም እህት፣ ለማንም አልተናገረችም።

ደባርቅን አልፋ ሊማሊሞን ወርዳ፣ የአባቷን መውረጃ ከሚያውቀው ረዳት ጠይቃ፣ ዛሪማ ሳትደርስ ከአውቶቡስ ወረደች። መንገድ ዳር በቅሎ የሚያከራይ ዓለምነው የሚባል ገበሬ አገኘችና የሻይ ተክሉን ቦታ ጠየቀችው።

"ሻይ አምባ?" አለ ዓለምነው። "ምነው፣ ምን ልትሠሪ?"

"አያ አድማሴ የሚባሉ ሰው ጋ ነው። መርዶ አለብኝ።"

መርዶ በዚህ አገር ብቻውን አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ ደጅ ይኬዳል። ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ሊኖር ይገባል። ረውዳ ከተሜ ብትሆንም ይህን ታውቃለች።

"እስቲ ጎረቤቶቻቸውን ጥራልኝ" አለችው።

ዓለምነው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ። "ጎረቤት የለውም እኮ እታለም። ከኛ መንደር እሱ ቤት ሦስት ሰዓት ነው። ጎረቤቱ ጉሬዛና ጭላዳ ነው።"

"ዘመድስ?"

"ሚስቱ 'ከቅጠል ጋር ትዳር አልኖርም' ብላ ከወረደች አሥር ዓመት አለፋት። ልጅም አልወለዱ።"

ረውዳ እንደ ዋዛ አድርጋ ጠየቀች። "ሌላ ሴት የለችም? ላዩ ላይ?"

"ሴት?" ዓለምነው የበቅሎውን ኮርቻ እያጠበቀ አሰበ። "ነብሯ እንስት ናት ይላሉ።"

ደህና። ተስፋ እንዲህ ባለ መንገድ ዳር፣ በበቅሎ አከራይ አፍ ይሞታል ብሎ ማን ገመተ? ግን ሰው ካላየ አያምንምና በቅሎዋ ላይ ወጣች። ዓለምነው አድርሷት ወዲያው እንደሚመለስ፣ በማግስቱ ከሰዓት መጥቶ እንደሚወስዳት ነገራት። አጨዳ ላይ ነው፤ መርዶ ሊያረዳ ጊዜ የለውም።

መንገዱ ጫካ ውስጥ ለውስጥ ነው። ወይራው፣ ጥዱ፣ ኮሶው ሽበት አብቅሎ ቆሟል። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ነጭ ጅራታቸው ይውለበለባል፤ አንድ ድኩላ መንገዱ መሃል ቆሞ በቅሎዋን ትኩር ብሎ አየና ያለ ችኮላ ገባ። ሰው የለመደ አይደለም፤ ሰው ያልፈራ ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ጫካው ድንገት ተከፈተና የጉብታው ጀርባ ታየ። ጥቁር አረንጓዴ ተክል፣ የገደሉ ነፋስና ብርድ አቀጭጮት ከደረት ከፍ ሳይል፣ በመቀስ እንደ ተስተካከለ ጠጉር እኩል ሆኖ፣ ገደሉ አፋፍ ድረስ ወርዷል። አናቱ ላይ ለጋው ፈክቷል። ረውዳ ዕድሜዋን ሙሉ ሻይ ስትሸጥ የሻይ ተክል ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። አባቷ አልዋሹም። ሰፈር ሙሉ የሳቀበት ተክል ይኸው።

ከማሳው መሃል ካለው ማማ ላይ አንድ ሽማግሌ እየተንደረደሩ ወረዱ። በቅሎዋን አይተው ነው የሮጡት። ሲቀርቡና ኮርቻው ላይ ሴት መሆኗን ሲለዩ ግን ሩጫቸው ወደ እርምጃ ተለወጠ።

"እንዴት ዋልሽ ልጄ" አሉ።

"እኔ ረውዳ ነኝ፣ የዐብዱልከሪም ልጅ።"

አያ አድማሴ ከኋላዋ ያለውን መንገድ አዩ። "እሱስ?"

ረውዳ መንገዱን ሙሉ ያጠናችውን ቃል ዋጠችው። "አሟቸው ነበር" አለች። የመጨረሻዋ ቃል እውነቱን እንደያዘች ታውቃለች።

ዓለምነው አውርዷት በቅሎውን ይዞ ሲመለስ፣ ሽማግሌው ወደ ጎጆው መሯት። "በይ ግቢ፣ ደክሞሻል።"

ጎጆው አንድ ክፍል ነው። ረውዳ ገና እግሯ ሳይገባ ዓይኗ ገብቶ ፈተሸ። የሴት ነጠላ የለም፣ የልጅ ጫማ የለም፣ ሁለተኛ መኝታ የለም። መደርደሪያው ላይ ግን፣ ከሌላው ዕቃ ተለይቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ሲኒ፣ አንድ ድስትና አንድ ሳህን ተቀምጧል።

"የዐብዱልከሪም ነው" አሉ አያ አድማሴ። "እኔ ያረድኩት ሥጋ ነክቶት አያውቅም። አትጠራጠሪ፣ ብይበት።" ወደ ደጅ ወስደው ደግሞ በጠጠር የታጠረ፣ ወደ ሰሜን የዞረ ጥርግ ያለ ቦታ አሳዩዋት። "ስግደቱ እዚህ ነው። ጭላዶቹ እንዳያቆሽሹት ጧት ጧት እጠርገዋለሁ።" ከአጠገቡ አንዲት ቀይ ዶሮ እግሯ ታስሮ ትጭራለች። "ይቺም የሱ ናት። እኔ ባርዳት እሱ አይበላ፣ እሱ ሲያርዳት እኔ አልበላ። አሥራ አራት ዓመት ዶሮ አሳድጌ አንድም ቀን መረቋን አልቀመስኩ! አንቺ ታርጃለሽ?"

"ኧረ እኔ አላርድም።"

"እንግዲያ ዕድሜ ጨመረች" አሉና ዶሮዋን ፈቷት።

ሻይ አፍልተው በአባቷ ሲኒ ቀዱላት። "ቅመሽው። የራሳችን ቅጠል ነው። አባትሽ ጎንደር ወስዶ አሳምሮ ያመጣልኛል። አንድ ጆንያ እሰጠዋለሁ፣ ሌላው ሰው ይጠጣበት ብዬ፤ ለኔ አራት ፓኮ ይበቃኛል።"

ረውዳ አንድ ጊዜ ፉት አለች። ቅርንፉዱን አወቀችው። የወቀጠችው እሷ ናት። በየዓመቱ መስከረም ሲያልቅ አባቷ "አራት ፓኮ ያለ ማኅተም አሽጊልኝ" ይሏት ነበር፤ ለማን ብላ ጠይቃ አታውቅም። ከፋ አገር የበቀለ ሻይ ነው፤ ከሱቁ ከረጢት የተቀዳ። አባቷ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ክፉውን ቅጠል መጋዘን እየቆለሉ፣ ለኒህ ሽማግሌ የሱቁን ሻይ "ያንተ ነው" እያሉ ሲያመጡላቸው ኖረዋል። አሽጋ የላከችውም እሷው ራሷ ናት።

"ሸጋ አይደል?" አሉ አያ አድማሴ።

"በጣም ሸጋ ነው" አለች ረውዳ። ውሸቱን ከአባቷ የወረሰችው በዚያች ደቂቃ ነው።

ማሳውን ሊያሳዩዋት ወጡ። አያ አድማሴ በደርግ ጊዜ፣ በ77፣ ባለሙያዎች ችግኙን ሲያመጡ የተቀጠሩ ጥበቃ ናቸው። "ጉሙ ለሻይ ይበቃል" ተብሎ ነው የተሞከረው። ስድስት ዓመት ተኮተኮተ፣ ተገረዘ፣ ቁመቱ ተስተካከለ። በ83 መንግሥት ሲለወጥ ባለሙያዎቹ አንድ ቀን በማኪና ወርደው ቀሩ። ደመወዙ ቆመ፤ አያ አድማሴ ግን አልቆሙም። ድንችና ማር አላቸው፤ ተክሉም ጠባቂ ያስፈልገዋል። ከምን እንደሚጠበቅ ለመናገር ይከብዳል፤ ጃርቱ ድንቻቸውን ይቆፍራል፣ ጭላዳው በቆሏቸውን ይዘርፋል፣ ሻዩን ግን ድኩላ እንኳ ቀምሶ ይተፋዋል።

"በ85 አንድ ጆንያ ለቀምኩና ተሸክሜ ጎንደር ገባሁ" አሉ። "ከአንዱ ሱቅ ወደ አንዱ ስዞር ሁሉም ሳቁብኝ። አባትሽ ብቻ ዘግኖ አሸተተው። ፊቴን አየ። እግሬን አየ፤ ያን ጊዜ እግሬ ደም ነበር። 'ሸጋ ነው' አለኝ። 'ከእንግዲህ ግን አትሸከም፣ እኔ እመጣለሁ' አለኝ።"

ረውዳ አንገቷን ደፋች። ከደጃፉ አጠገብ የዘንድሮው ጆንያ ሞልቶ፣ አፉ ተሰፍቶ ቆሟል። አሥራ አምስተኛው።

"የሚለቅሙት የቱን ነው?" አለች፣ የምታውቀውን።

"ይሄን ታች ያለውን፣ የበሰለውን። እንደ ጌሾ ነው የማደርገው፤ ከጭስ በላይ ሰቅዬ አደርቀዋለሁ።"

"ላይኛውንስ? ለጋውን?"

አያ አድማሴ ደነገጡ። "ለጋውማ አይነካም! ባለሙያው ሲሄድ የመጨረሻ ቃሉ ነው። 'አድማሴ፣ ተክሉ ገና ሕፃን ነው፣ እኔ ተመልሼ እስክነግርህ ድረስ ለጋውን አትንካ' አለኝ። እስካሁን አልተመለሰም። እኔም አልነካሁ።"

ረውዳ አናቱ ላይ የፈካውን ለጋ አየች። አባቷ ገና በልጅነቷ፣ ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ አቁመው ያስተማሯት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር፤ ሻይ ማለት ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ ነው፣ ሌላው የፍየል ነው። ሕፃን ተክል ለጋው ለጥቂት ዓመት አይነካም፤ ከዚያ በኋላ ግን በየሳምንቱ የሚቀጠፈው እሱው ነው። ኒህ ሰው በታዘዙት አንዲት ቃል ታስረው ሻዩን ሲጠብቁ፣ ገለባውን ሲለቅሙ አሥራ አምስት ዓመት አለፋቸው። የጠበቁትም ደህና አድርገው ነው።

ሁለተኛውን ጉዳይ፣ "ቅጠልዎ አይረባም" የሚለውን፣ እንደማትናገረው ያን ጊዜ አወቀች። ሌላ ብልሃት መጣላት። ምንም ሳትናገር ትክክለኛውን ብታሳያቸውስ? የከርሞው ጥሩ ይሆናል፣ ያለፈው ተረስቶ ይቀራል። ደግ ሰው ሲሞኝ እንዲህ ነው።

"አንድ እፍኝ ለጋ ልቅጠፍ? ለሙከራ ነው" አለች።

አያ አድማሴ ወደ መንገዱ ተመለከቱ፣ ባለሙያው በማኪናው የሚመጣ ይመስል። ከዚያ ፊቷን አዩ። "የዐብዱልከሪም ልጅ ባትሆኚ እምቢ እል ነበር" አሉ። ስትቀጥፍ ግን ፊታቸውን አዞሩ።

የቀጠፈችውን ሰፌድ ላይ በትና እንዲጠወልግ ጎጆው ውስጥ አሳደረችው። ፀሐይዋ ከገደሉ ማዶ ስትጠልቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። የተፈታችው ዶሮ ራሷ ወደ ቤት ገባች። ረውዳ ትንፋሿን ሳበች።

"አያ አድማሴ፣ አንድ ነገር..."

ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። "ተይው ልጄ። መርዶ በምሽት አይነገርም። ይንጋና ትነግሪኛለሽ።"

እንግዲህ ገና በቅሎዋ ላይ ሴት ሲያዩ ነው ያወቁት። ጎጆውን ለሷ ለቀው፣ ጋቢያቸውን ይዘው ማማቸው ላይ ወጡ። ረውዳ ያን ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኛል ብላ አላሰበችም። ጋደም አለች፤ ጫካው ጮኸ፣ የሆነ ነገር ቅርንጫፍ ሰበረ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አታስታውስም። አባቷ ከሞቱ ወዲህ፣ ኧረ ከዚያም በፊት፣ እንዲያ ተኝታ አታውቅም።

ስትነቃ ጎህ ቀዷል። አያ አድማሴ ፊታቸውን ታጥበው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ራሳቸውን ገልጠው፣ ደጃፉ ፊት ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ለመርዶ የተዘጋጀ ሰው ነው።

"በይ አሁን ንገሪኝ" አሉ። "የሚይዘኝ የለም ብለሽ ደግሞ አትፍሪ። ተቀምጫለሁ። የተቀመጠ ሰው አይወድቅም።"

ቃሉን የሚጀምርላት ሽማግሌ አልነበረም። "አባቴ ሞቱ" አለች።

"መቼ?"

"መስከረም ሃያ አራት። ረቡዕ።"

"በጾም ላይ?"

"በጾም ላይ።"

"መታደል ነው" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። "ወይኔ ዐብዱልከሪም! ወይኔ ወንድሜ! ዓመት ጠብቄህ፣ ዶሮህን አስሬልህ!" አልበቃቸውም፤ ደረታቸውን ይዘው አለቀሱ። ረውዳ ጎንደር ላይ ሴቶቹ "ሰብር አድርጊ፣ ለሙት ጩኸት አይበጅም" ሲሏት እንባዋን ይዛ አርባ ቀን ቆይታለች። አሁን ግን የሚያያት የለም፤ የሚመክራትም የለም። ድንጋዩ ላይ ከሽማግሌው ጎን ተቀምጣ አለቀሰች፣ አለቀሰች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። ጉሬዛዎቹም ከጫካው የጧት ጩኸታቸውን ለቀቁት፤ ልማዳቸው ነው፣ ግን ለቀስተኛ በሌለበት ለቅሶ እሱም አንድ ነገር ነው።

"አላህ ያጥናሽ" አሏት በመጨረሻ። "ለሱም ነፍሱን ይማርልን። በየትኛው አፍ እንደሚባል አላውቅ፤ እሱ ያውቀዋል።"

ከዚያ በኋላ እጃቸው ሥራ ስላጣ ረውዳ ሰፌዱን አወጣች። የጠወለገውን ለጋ በመዳፏ አሸችው፤ አያ አድማሴም እያዩ አሹ። ጠቆረ፣ ሸተተ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ በብረት ምጣድ አመስ አድርጋ አደረቀችው፣ በአባቷም ማንቆርቆሪያ አፈላችው። ለሽማግሌው በራሳቸው ብርጭቆ፣ ለራሷ በአባቷ ሲኒ ቀዳች።

አያ አድማሴ ፉት አሉ። አፋቸው ውስጥ አቆዩት። እንደገና ፉት አሉ።

"ሸጋ ነው" አሉ። "ግን ሌላ ነው።"

"ቅርንፉድ ስለሌለበት ነው" አለች ረውዳ ፈጥና።

"ቅርንፉዱን አይደለም የምልሽ።" ብርጭቆውን መሬት ላይ አኖሩት። ተክሉን አዩ፤ ከላይ የተቀጠፈበትን ቦታ አዩ፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ የቆመውን ጆንያ አዩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ያን ቀን ያወጣው ሻይ ነው። ረውዳ ብልሃቷ እንደ ጠለፋት አየች፤ ልትጋርድላቸው የፈለገችውን ነገር በገዛ እጇ አፍልታ አጠጣቻቸው። "የኔ ሻይ ይሄ ከሆነ" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ "አሥራ አራት ዓመት የጠጣሁት የማን ነው?"

"የአባቴ ነው። የሱቃችን።"

"የኔ ጆንያስ?"

"መጋዘን ውስጥ ነው። አሥራ አራቱም።"

"ሳይሸጥ?"

"ሳይሸጥ። አልጣሉትም። ዓመቱንና ስምዎን ጽፈው አስቀምጠውታል።"

"ያውቅ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ" አለች። ከእንግዲህ መዋሸት ደከማት።

አያ አድማሴ ብድግ አሉ። ፊታቸው ቀላ። "አሥራ አራት ዓመት አሞኘኝ! 'አድማሴ፣ ለጋውን ነው' ቢለኝ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል! እኔ እዚህ ከጭስ ጋር ዓይኔን ሳጠፋ፣ እሱ 'ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው'!" ጆንያውን በእግራቸው መቱት። ጆንያው ዝም አለ፤ ቅጠል ነው። ረውዳም ተናደደች፣ በሳቸው ላይ ሳይሆን በአባቷ ላይ። ለሷም አንዲት ቃል አልነገሯትም።

ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ። "እንግዲያ ለምን ይመጣ ነበር?"

"እኔም ይህን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" አለች ረውዳ። "እዚህ ምን ያደርጉ ነበር?"

አያ አድማሴ ማማቸውን ቀና ብለው አዩ። "ይተኛ ነበር" አሉ።

"ይተኛ?"

"ደርሶ ሻይ ይጠጣል፣ ይሰግዳል፣ ማማው ላይ ወጥቶ ይተኛል። ቀን ሌሊት ሳይል ይተኛል። እኔ ከሥር ሆኜ ጭላዳ እንዳይረብሸው እጠብቃለሁ። አንድ ቀን 'ቤትህ አልጋ የለህም ወይ?' ብለው፣ 'ቤቴማ እንቅልፍ የለኝም' አለኝ። 'ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሌሊቱን ሳሎን ውስጥ እመላለሳለሁ። ልጄ ግድግዳው ማዶ ሆና ትሰማኛለች። አለመተኛቷን እኔም እሰማለሁ። እንዲህ ስንደማመጥ ይነጋብናል' አለኝ።"

ረውዳ ሲኒውን በሁለት እጇ ያዘችው። ያን ግድግዳ ታውቀዋለች። በር አለው። ከትዳሯ ከተመለሰች ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሩ አልተቆለፈም፤ ተነሥታ ከፍታ "ሻይ ላፍላልዎ?" ብትላቸው ኖሮ ሦስት እርምጃ ነበር። አባቷ እንቅልፍ ፍለጋ እስከዚህ ድረስ ይመጡ ነበር፤ እሷም የሌለ ወንድም ፍለጋ እስከዚህ ድረስ መጣች። ሁለቱም ሻይ ሻጭ ሆነው ሳለ፣ በዚያ ሌሊት ሁሉ አንዳቸው ለሌላው ሻይ አላፈሉም።

"ለምን እንዳልነገረኝ ገባኝ" አሉ አያ አድማሴ፣ ሊስቁ ከጅለው። "ቢነግረኝ ሻዩ ሸጋ ይሆናል። ሸጋ ሲሆን መንገድ ያወጡለታል፣ ሰው ይሞላል። የት ይተኛ? ይሄ ክፉ ሰው!" አሉና እንደገና አለቀሱ።

ከሰዓት ዓለምነው በቅሎውን እየሳበ ደረሰ። ረውዳ ዕቃዋን ከጫነች በኋላ ወደ ጆንያው ሄደች።

"ተይው" አሉ አያ አድማሴ። "ለምን ይሆንሻል? አፈር ላይ እደፋዋለሁ።"

"ጫነው" አለችው ዓለምነውን። ከቦርሳዋ ብዕር አውጥታ ጆንያው ላይ 99 ብላ ጻፈች፣ ከሥሩም አድማሴ። ዓለምነው ጆንያውን ሲያነሣ አሸተተው። "ጌሾ ነው?" አለ።

"ሻይ ነው" አለች ረውዳ።

አያ አድማሴ በቅሎዋን እስከ ማሳው ጫፍ ሸኙ። እዚያ ቆሙና ልጓሙን ያዙ። የሆነ ነገር ሊሉ አስበው ሲያፍሩ ታዩ።

"አሁን እንግዲህ ትእዛዙ ምንድን ነው?" አሉ። "ልንካው ወይስ አልንካው?"

ረውዳ ሽማግሌውን አየቻቸው። ይህን ጥያቄ አባቷንም ጠይቀዋቸው ይሆን? ይሆናል። "ተወው፣ ሲያዩት ያምራል" ብለዋቸው ይሆናል።

"ይንኩት አያ አድማሴ" አለች። "ተክሉ አድጓል።"

"ማን ፈቀደ ልበል? የሚጠይቅ ቢመጣ?"

"ረውዳ ዐብዱልከሪም ፈቀደች ይበሉ።"

ስሟን በአፋቸው ደገሙት፤ እንዳይረሱት። "ትመጫለሽ?"

"እንቅልፍ ሲያምረኝ" አለች።

ጫካው አፍ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየች። አያ አድማሴ ማሳው መሃል እስከ ደረታቸው በተክሉ ተውጠው ቆመዋል። አንዲት ለጋ በሁለት ጣታቸው ይዘዋል፤ ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ። አልቀጠፏትም። መንገዱን አዩ፣ ማማውን አዩ፣ ጫካውን ዙሪያውን አዩ፤ አንድ ሰው ከሆነ ቦታ "አድማሴ!" ብሎ እስኪጮህባቸው ይጠብቁ ነበር። የጮኸባቸው ማንም የለም። ቀጠፏት።